ክርክር፦ ለይላ ዛና ያቺን ዓረፍተ ነገር ባትናገር ይሻል ነበር?

የቡድኑ አስተባባሪ፦ ሰላም ቤተሰብ። የዛሬዋ ባለጉዳይ ለይላ ዛና ናት። ለማታውቋት ባጭሩ ልበል፤ ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጅ ናቸው። በ1961 በቱርክ ዲያርባኪር ውስጥ ሲልቫን ተወለደች። ገና በልጅነቷ 20 ዓመት ገደማ ለሚበልጣት ዘመዷ ለመህዲ ዛና ዳሯት። ባሏ የዲያርባኪር ከንቲባ ሆነ፤ ከ1980ው መፈንቅለ መንግሥት በኋላ ግን ታሰረ። እሷ እስር ቤት ስትመላለስ ፖለቲካ ገባች። በ1991 ተመርጣ ቱርክ ፓርላማ የገባች የመጀመሪያዋ ኩርድ ሴት ሆነች። መሐላውን በቱርክኛ ጨርሳ አንድ ዓረፍተ ነገር በኩርድኛ ጨመረች፤ ይህን መሐላ የምፈጽመው ለቱርክና ለኩርድ ሕዝብ ወንድማማችነት ነው የሚል። ራሷ ላይ የኩርዶች ቀለም የሆነውን ቢጫ፣ አረንጓዴና ቀይ ጥብጣብ አስራ ነበር። በ1994 ያለመከሰስ መብቷ ተነሳ፤ 15 ዓመት ተፈረደባት። 10 ዓመት ታስራ ወጣች። ጥያቄው፦ ልክ ሠራች ወይስ አልሠራችም? ስድብ የለም።

የመርካቶው፦ አልሠራችም። ፓርላማ የሚገባው ለሥራ ነው። ሰዉ ወንበር ሰጣት፤ እሷ በሁለት ዓመት ተኩል ውስጥ ወንበሩንም ራሷንም አጣች። የራስህን አንገት ማስያዝ መብትህ ነው። የሰው ድምፅ ተሸክመህ ግን እንደልብህ አትሆንም።

የኮሎኙ፦ ወንድሜ፣ ቪዲዮውን አይተኸዋል? እኔ ምግብ ቤት ወጥ ቤት ውስጥ ነው የምሠራው። አብሮኝ ሰሃን የሚያጥብ የዲያርባኪር ልጅ አለ። አንድ ማታ እጁን በሽርጡ ጠርጎ ስልኩን ከፈተልኝ። ጠረጴዛ ሲደበደብ፣ ሰው ሲጮህ ይሰማል። እሷ አልሮጠችም፤ ቃሏን ጨርሳ ነው የወረደችው። እኔ ደግሞ ዓይኔ ጥብጣቡ ላይ ቀረ። «ይሄማ የኛ ባንዲራ ነው» አልኩት። ሳቀብኝ። ከዚያ ምን አለኝ መሰለህ? እናቱ አንድ ቃል ቱርክኛ አትችልም። ከዚያ ሕንፃ የገባትን ቃል ስትሰማ ያ የመጀመሪያዋ ነበር።

መምህሩ፦ አንድ ነገር ይስተካከል። የተፈረደባት «ኩርድኛ ተናገርሽ» ተብሎ ብቻ አይደለም። ከሦስት ጓደኞቿ ጋር የታጣቂ ድርጅት አባል ናችሁ ተብለው ነው፤ እነሱ አላመኑም። ችሎቱን ግን ተመልከቱት። ከዳኞቹ አንዱ ወታደር ነበር። ክሱ በመጨረሻው ቀን ተቀየረ። ዋና ምስክሮቹን እንዲጠይቁ አልተፈቀደላቸውም። የአውሮፓ የሰብአዊ መብት ፍርድ ቤት በ2001 ፍርዱ ፍትሐዊ አልነበረም ያለው በእነዚህ ነው።

የመርካቶው፦ ጋሼ፣ ችሎቱ ግፍ መሆኑን መች ካድኩ? እኔ ያልኩት ሌላ ነው። ያኔ በመንግሥትና በኩርድ ታጣቂዎች መካከል ጦርነት ነበር፤ በየቀኑ ሰው ይሞታል። ደግሞ በራሳቸው ፓርቲ አልገቡም። አንድ ፓርቲ ፓርላማ ለመግባት ማግኘት የነበረበትን የ10 በመቶ ድምፅ ገደብ ለማለፍ በቱርክ ሶሻል ዴሞክራቶች ዝርዝር ታዝለው ነው የገቡት። ያዘለህን ሰው በመጀመሪያው ቀን ታሳፍረዋለህ?

እሙዬ፦ ኧረ ተው የመርካቶው! «ወንድማማችነት» ማለት ነው ማሳፈር? ደግሞ ሁላችሁም መድረኩ ላይ ቀራችሁ። እኔን የያዘኝ ከዚያ በፊት ያለው ነው። ያለፈቃዷ የተዳረች ልጅ፣ ልጆቿን ይዛ የታሰረ ባል ትጠይቃለች። ቱርክኛውንም ከተዳረች በኋላ ነው ያወቀችው። ትምህርቷን በግሏ አጥንታ ተፈተነች። እስር ቤት በር ላይ ሳህን በፌስታል ይዞ መቆም ምን እንደሆነ እዚህ ቡድን ውስጥ የምናውቅ አለን። እዚያ ቆማ የተማረች ሴት ዝም ትበል ነው የምትሉት?

መምህሩ፦ ሌላም ጊዜ አለ። በ2015 እንደገና ስትመረጥ በኩርድኛ ስለ ሰላም ጥቂት ተናግራ ጀመረች። ከዚያ «የቱርክ ብሔር» የሚለውን «የቱርኪዬ ብሔር» አለችው። አንዱ የዘር ስም ነው፣ ሌላው ያገር። ሰብሳቢው ድገሚ ቢላት አልመለስ አለች። መሐላው አልተቆጠረም። በ2018 ከስብሰባ ቀርተሻል ተብላ አባልነቷን ተነጠቀች።

የመርካቶው፦ ይኸው! ሁለቴ! ሁለት ምርጫ፣ ሁለት ባዶ ወንበር።

የኮሎኙ፦ በ2011 ያሸነፈችውንስ? ያን ጊዜ መሐላዋን ፈጽማ ሠርታለች። በ2012 ደግሞ ኤርዶዋንን ራሱን አግኝታ አነጋገረች፤ ይሄን ችግር መፍታት ይችላል ብላ። ከገዛ ወገኖቿ ወቀሳ ጠጥታበታለች። ግትር ናት ብለህ አትዝጋው። ሌላም ልጨምርልህ። የተፈታችው ጁን 9 ቀን 2004 ነው። በዚያው ቀን የመንግሥቱ ቴሌቪዥን ለመጀመሪያ ጊዜ ኩርድኛ አሰማ።

የመርካቶው፦ እሱ የአውሮፓ ኅብረት ሥራ ነው። ቱርክ ልግባ ብላ በር እያንኳኳች ነበር። ለዚያ ያደረጉትን ለሷ ዓረፍተ ነገር አትስጥብኝ።

እሙዬ፦ አውሮፓስ ማንን አይቶ ነው ነገሩን የያዘው? በ1995 የአውሮፓ ፓርላማ የሳካሮቭን የሰብአዊ መብት ሽልማት የሰጣት እስር ቤት እያለች ነው። ሄዳ ንግግር ያደረገችው በ2004 ነው፤ ከዘጠኝ ዓመት በኋላ።

የመርካቶው፦ ሽልማት የሰጠው ፓርላማ በዚያው ዲሴምበር ከቱርክ ጋር የጉምሩክ ስምምነቱን አጽድቋል እኮ እህቴ።

እሙዬ፦ እሱስ እውነት ነው። አናደድከኝ።

መምህሩ፦ ዓረፍተ ነገሩን ለሌላ ቀን ማሳደር ይቻል እንደነበር እኔም አልክድም። ግን በ2009 መንግሥት በጃንዋሪ የኩርድኛ ጣቢያ ከፍቶ በፌብሩዋሪ የኩርዱ ፖለቲከኛ አህመት ቱርክ ፓርላማ ውስጥ በኩርድኛ ሲናገር የቀጥታ ሥርጭቱን ቆርጦታል። ያም ሆኖ እንደሷ አሥር ዓመት አላሰሩትም። የዚያን ልዩነት ዋጋ ማን ከፈለው? እኛም አገር ቢሆን...

የቡድኑ አስተባባሪ፦ መምህር፣ እዚያ ጋ ይቁም። ያገር ቤት የቋንቋ ነገር ሲነሳ ባለፈው 14 ሰው ነው የወጣብኝ።

የኮሎኙ፦ ነገ ከልጁ ጋር አንድ ፈረቃ ነን። ዝም ብትል ይሻል ነበር ወይ ብዬ እጠይቀዋለሁ።

የመርካቶው፦ እሱን ተወው፤ እናቱን ጠይቅልኝ። ድምፅ የሰጠችው እሷ ናት።