የቻይና የአበባ ማስቀመጫ ዕድሜ የሚለይ ሰው እፈልጋለሁ

ሰላም ለሁላችሁ። የቻይና ፖርሴሊን (ስስ የሸክላ ዕቃ) የምታውቁ ካላችሁ እባካችሁ እርዱኝ፣ ግራ ገብቶኛል።

እዚህ ሜሪላንድ አንድ ጎረቤት የቤት ዕቃ ሲሸጥ የአበባ ማስቀመጫ በ15 ዶላር ገዛሁ። ሰማያዊ መደቡ እንደተሰነጠቀ በረዶ ነው፤ በላዩ ነጭ የፕለም አበባ ተስሏል። ሲያዩት ያምራል። ግን አንዱ ጉደኛ የጠረጴዛ መብራት ሊያደርገው ብሎ ቂጡን በድሪል በስቶታል። ያውም የተሠራበትን ዘመን የሚናገረው ምልክት መሃል! ከአራቱ ፊደላት የአንዱ ግማሽ የለም።

ቻይናዊት የሥራ ባልደረባዬ ከላይ ወደ ታች፣ ከቀኝ ወደ ግራ አንብባ «በካንግሺ ዘመን የተሠራ» ይላል አለችኝ። የቻይናው ንጉሠ ነገሥት ካንግሺ የሞተው እ.ኤ.አ. በ1722 ነው። ልቤ ዘለለ። ቆይቼ ሳነብ ግን ከ1875 እስከ 1908 በነገሠው በጓንግሹ ዘመንም የካንግሺን ስም በብዛት ይጽፉ ነበር፤ ለማጭበርበር ብቻ ሳይሆን ለጥንቱ ካላቸው አክብሮትም። እና ምልክቱን ልመን?

«ቻይና» የሚል የእንግሊዝኛ ጽሑፍ የለውም። አሜሪካ ከ1891 ጀምሮ የአገር ስም እንዲጻፍ ስላስገደደች ከዚያ በፊት የገባ መስሎኝ ነበር። ግን ስሙ ያለበት ወረቀት ተለጥፎበት ተልጦም ሊሆን ይችላል።

የታችኛው ጠርዝ ልባስ (የሚያብረቀርቅ ሽፋን) የለውም። በጣቴ ስዳብሰው ለስላሳ ነው። ቡናማ እድፍ አለው፤ በጥርስ ብሩሽ ባሸው አልለቅ አለ። የዕድሜ ነው ወይስ ሆን ተብሎ በሻይ የተቀባ? በምን ይለያል? ቀዳዳውስ ዋጋውን ገደል ከተተው ማለት ነው?