መብራት ለሚጠፋበት አገር የጋላክሲ ጥናት ምን ይሠራለታል?

አወያይ፦ የዛሬው ጥያቄ ከትናንቱ ጭቅጭቅ የመጣ ነው። አንድ ልጅ «የማስተርስ ጽሑፌን የምሠራው ጋላክሲዎች፣ ማለትም ግዙፍ የኮከብ ስብስቦች፣ ኮከብ የሚወልዱበት ፍጥነት ከጥንት እስከ ዛሬ እንዴት እንደተለወጠ ነው» ሲል ግሩፑ በእሳት ተያያዘ። በግልጽ እንከራከር፦ መንግሥት ለእንዲህ ዓይነት ጥናት በጀት ይመድብ ወይስ ይቅር? ስድብ የለም፣ የተሳደበ ይወጣል።

የሽሮሜዳው፦ ይቅር። በቃ። እኔ ጠዋት ታክሲ ስጠብቅ ከእንጦጦ ቅጠልና ጭራሮ ተሸክመው የሚወርዱ እናቶች አያለሁ። ሸክሙ ከቁመታቸው ይረዝማል፣ ወገባቸው ታጥፎ መሬት መሬቱን እያዩ ነው የሚሄዱት። እዚያው ተራራ ላይ ደግሞ ሁለት ቴሌስኮፕ ሰማይ ሰማዩን ያያል። ሌላ ምን ልበላችሁ?

ተመራቂው፦ ያ ልጅ እኔ ነኝ 😅 ወንድሜ፣ እናቶቹን እኔም አያቸዋለሁ። ግን እነዚያ ባለ1 ሜትር ቴሌስኮፖች በአብዛኛው በሼህ መሐመድ አል አሙዲ ገንዘብ ነው የተተከሉት፣ ወደ 3 ሚሊዮን ዶላር ገደማ። ከእናቶቹ ጉሮሮ የተነጠቀ አይደለም።

ሒሳብ ሹም፦ ላም ቢሰጡህ ሣሩን ማን ይገዛል? ጥበቃው፣ ጥገናው፣ ደሞዙ ከካዝና ነው። ደግሞ ክረምቱን ሙሉ ደመና ነው፣ በጋ ሲመጣ ደግሞ የአዲስ አበባ መብራት ሰማዩን ያነጣዋል። እኔ ሳይንስ አልጠላም፣ ቁጥሩ ነው እምቢ የሚለኝ።

እቴሜቴ፦ ቆይ፣ መጀመሪያ ምን እንደሆነ ይንገረን። ሳይገባኝ መቃወም ሰለቸኝ።

ተመራቂው፦ እሺ እቴሜቴ። ብርሃን እኛ ጋ ለመድረስ ጊዜ ስለሚፈጅበት ሩቅ ባየሽ ቁጥር የድሮውን ነው የምታዪው። እ.ኤ.አ. በ1995 ሐብል የተባለውን የጠፈር ቴሌስኮፕ ሥራ የሚመራው ተቋም ኃላፊ የነበረው ሮበርት ዊሊያምስ ሰማይ ላይ ምንም የሌለበት የሚመስል ጨለማ ቦታ መርጦ ቴሌስኮፑን 10 ቀን እዚያ ላይ አስተከለው። ጊዜ ታባክናለህ ያሉት ባልደረቦች ነበሩ፣ ልክ እንደ ሒሳብ ሹም። ወደ 3,000 ጋላክሲ ወጣ! ከዚያ እነ ፒዬሮ ማዳው የሚባሉ የሥነ ፈለክ ተመራማሪዎች በየዘመኑ ምን ያህል ኮከብ እንደተወለደ አስልተው አንድ ግራፍ ሠሩ። በኋላ ብዙ መረጃ ተጨምሮበት ሲስተካከል ግራፉ ተራራ መሰለ፤ ከዛሬ 10 ቢሊዮን ዓመት ገደማ በፊት ጫፉ ላይ ይደርሳል፣ ከዚያ ቁልቁል ነው። ዛሬ የቀረው የዚያን አንድ አሥረኛ ቢሆን ነው። የእኛዋ ጋላክሲ ፍኖተ ሐሊብ በዓመት የምትወልደው ቢደመር አንዲት ሁለት ፀሐይ ነው የሚያክለው።

እቴሜቴ፦ አርጅታለች በለኛ። ለምን ቀነሰ ግን? ጋዙ አለቀ?

ተመራቂው፦ የሊቃውንቱ ክርክር እሱ ላይ ነው። የጋዙ ማለቅም፣ የጋዙ አለመቀዝቀዝም ምክንያት ይሆናል። ቅቤ ካልቀዘቀዘ አይረጋም አይደል? ጋዝም ካልቀዘቀዘ ተሰብስቦ ኮከብ አይሆንም። ጋላክሲው መሐል ያለው ግዙፍ ጥቁር ጉድጓድ፣ ብርሃን እንኳ የማያመልጠው ማለት ነው፣ ዙሪያውን እያሞቀ ሊከለክለው ይችላል። ጄምስ ዌብ የተባለው የጠፈር ቴሌስኮፕ ደግሞ በሌላኛው ጫፍ ነገሩን አወሳሰበው፤ ዩኒቨርስ ከጀመረበት ከታላቁ ፍንዳታ በኋላ 300 ሚሊዮን ዓመት እንኳ ሳይሞላ ደምቆ የሚያበራ ጋላክሲ አሳየን። ያን ያህል ቶሎ ያን ያህል ይደምቃል ብሎ የጠበቀ ብዙ ሰው አልነበረም።

የሽሮሜዳው፦ 10 ቢሊዮን ዶላር ፈጅቶ ግራ ተጋባን ነው የምትለኝ 😂

ከዲሲ፦ እናንተ ስትስቁ ደቡብ አፍሪካ 64 ሳህን ያለው ሚርካት የሚባል የሬዲዮ ቴሌስኮፕ ገንብታ ጨርሳለች። ኤስኬኤ ለሚባለው ለትልቁ ቴሌስኮፕ 8 የአፍሪካ አገሮች አጋር ሆነው ገብተዋል፣ ኬንያ አለች፣ ጋና አለች፣ ማዳጋስካር እንኳ አለች። እኛ የለንም። ይሄን ጽሑፍ የምትልኩበት ዋይፋይ ራሱ ከአስትሮኖሚ ነው የመጣው።

ሒሳብ ሹም፦ የዋይፋዩ ነገር ግማሽ እውነት ነው። ጆን ኦሱሊቫን የሚባል አውስትራሊያዊ ከትናንሽ ጥቁር ጉድጓዶች ፍንዳታ የሚመጣ የሬዲዮ ምልክት ይፈልግ ነበር፣ አላገኘም። የተዘበራረቀ ምልክት የሚያጠራበት የሒሳብ ዘዴ ግን በኋላ ለገመድ አልባ ኔትወርክ ዋለ። እና የፈጠራ መብቱን ብር ማን በላው? አውስትራሊያ። እኛ ራውተር ገዢ ነን። ምሳሌህ ለእኔ ነው የሚመሰክረው።

ከዲሲ፦ ገዢ የሆንነው እኮ ስላልሠራን ነው!

ሒሳብ ሹም፦ ወይም ብር ስለሌለን። ከአሜሪካ ሆኖ «ሥሩ» ማለት ቀላል ነው።

አወያይ፦ ሰው ላይ አትሂዱ።

ተመራቂው፦ አንድ ነገር ልበልና ሁላችሁም ትጣሉኛላችሁ። እኔ አዲስ ቴሌስኮፕ ይተከል አላልኩም። ላሊበላ አካባቢ ያሉት ተራሮች ሰማያቸው ከእንጦጦ ይሻላል እየተባለ ሲወራ ደስ ይለኛል፣ ግን አሁን የሚያስፈልገን እሱ አይደለም። የጄምስ ዌብ መረጃ ቢበዛ በ1 ዓመት ውስጥ ለማንም ሰው በነፃ ይለቀቃል። 10 ቢሊዮኑን ሌሎች ከፍለውልናል። ሃኒ ቫን አርከል የምትባል የሆላንድ መምህርት እ.ኤ.አ. በ2007 ለሕዝብ ክፍት የተደረጉ የጋላክሲ ፎቶዎችን ስታይ ሊቃውንቱ ያላስተዋሉትን አረንጓዴ የጋዝ ደመና አገኘች። የነበራት ኮምፒውተርና ኢንተርኔት ነው። እኔም የምጠይቀው የአንድ ሰው ደሞዝ፣ ጥሩ ኮምፒውተርና የማይቆራረጥ መስመር ነው። ባለፈው ሳምንት አንድ ፋይል ለማውረድ ሌሊቱን ሙሉ ቁጭ አልኩ፣ 94 ፐርሰንት ላይ ተቋረጠ። ከዜሮ ጀመርኩ።

የሽሮሜዳው፦ እሺ አሳዘንከኝ። ግን ያ ደሞዝ ለአንድ የጤና ጣቢያ ነርስ ቢሆንስ?

ተመራቂው፦ ነርሷም ትቀጠር። ያቺን ነርስ የሚያስተምር የፊዚክስና የሒሳብ መምህር ግን ከየት ይመጣል? እኔ ስጨርስ ክፍል ገብቼ ነው የማስተምረው፣ ጋላክሲ ላይ አልሰፍርም።

እቴሜቴ፦ እኔ ይሰጠው ባይ ነኝ። ቅቤዋ ናት ያሳመነችኝ።

የሽሮሜዳው፦ እኔ አልተዋጠልኝም። እናቶቹ ነገም ይወርዳሉ።

ሒሳብ ሹም፦ ለቴሌስኮፕ ከሆነ አልፈርምም። ለኮምፒውተርና ለመስመር ከሆነ እፈርማለሁ፣ ሌላውም ትምህርት ክፍል ይጠቀምበታል። መብራት ሲጠፋ ለጄኔሬተሩ ናፍጣ ማን ሊከፍል እንደሆነ ግን ማንም አልነገረኝም።