ዘፈን ትቼ የስፖርት አሰልጣኝ ልሁን ወይ?

የአጂፕ ልጅ (ጅማ)
ሰላም ለሁላችሁ። ዕድሜዬ 34 ነው። ጅማ ውስጥ 12 ዓመት ዘፍኛለሁ፤ ሰርግ፣ ምርቃት፣ ሆቴል። ጥር ሲገባ እንቅልፍ የለኝም። ሁዳዴ ሲገባ ስልኬ ዝም ይላል። ባለፈው ሁዳዴና ረመዳን ገጥመው ስለዋሉ፣ ሁለት ወር ገደማ አንድም ሥራ አላገኘሁም።

ስፖርት የጀመርኩት ለጀርባዬ ነው። በተረከዝ ጫማ ቆሞ ማምሸት ጀርባ ይጨርሳል። ቀስ በቀስ የሰፈር ሴቶች ተከተሉኝና አሁን 14 ሆነናል። አዳራሽ ተከራይተን ጠዋት ጠዋት ኤሮቢክስ እንሠራለን፤ የምመራው እኔ ነኝ። አሁን አንድ ጂም "መጥተሽ አሰልጥኚልን" ብሎኛል።

ስለ ስዊድናዊቷ ብሎሰም ቴይንተን አነበብኩ። ዘፋኝ ናት፤ እህቷ ካዮም ዘፋኝ ናት። ብሎሰም ኋላ የአካል ብቃት አሰልጣኝ ሆነች። ልቤ ሞቀ። እናቴ ግን "12 ዓመት የደከምሽበትን ድምፅ ለሰው ቦርጭ ማጥፊያ ልታደርጊው ነው?" አለችኝ። ነገሩ እስካሁን ከውስጤ አልወጣም። በዚህ መንገድ ያለፈ ካለ በናታችሁ ንገሩኝ። ልተወው? ወይስ ሁለቱንም ልያዝ?

ካሴት ሰብሳቢ
ስዊድን ስትይ ኤሚሊያ ትዝ አለችኝ፣ የአንጋፋው ድምፃዊ የተሾመ ምትኩ ልጅ። እ.ኤ.አ. በ1998 "ቢግ ቢግ ወርልድ" ስንት አገር አንደኛ ወጣላት። ከዓመታት በኋላ ኤሚሊያ ምትኩ ብላ፣ በአባቷ ስም፣ ሌላ ዓይነት ሙዚቃ ይዛ መጣች። መንገድ መቀየር ነውር አይደለም። እናትሽን ግን አትቀየሚያት፤ የሳሳችው ለድምፅሽ ነው።

የፈረንጅ አራዳዋ
እህቴ፣ እኔ አልፌበታለሁ። 9 ዓመት ባንድ ውስጥ ዘፍኜ፣ አሁን ስድስተኛ ዓመቴ ነው በአሰልጣኝነት።

የዘፈንሽው አይጠፋም። የኤሮቢክስ ሙዚቃ ባለ አራት ምት ነው። ስምንት ስምንት እየተቆጠረ 32 ላይ ይዘጋል፤ እንቅስቃሴ የሚቀየረው እዚያ ላይ ነው። ይህን መስማት ለሌላው ሰው ወራት ይፈጅበታል። አንቺ በጆሮሽ ይዘሽው ነው የምትገቢው። ችክችካ ላይ ግን ተጠንቀቂ። ችክችካ የስድስት ምት ነው፤ ስምንት ብለሽ ከቆጠርሽበት የሰው እግር ይጠላለፋል። እኔ ለማሟሟቂያ ብቻ ነው የምጠቀምበት፣ በእስክስታ። ትከሻ እንደሱ የሚያፍታታ የለም።

መጀመሪያ ያጣሁት ድምፄን ነው። ከስፒከር በላይ እየጮህኩ ሦስት ወር ሠራሁ። ሐኪም የድምፅ አውታሬ ላይ እባጭ አገኘና ድምፄን እንዳሳርፍ አዘዘኝ። ዝም ብዬ የከረምኩባቸውን ቀናት ማስታወስ አልወድም። ስለዚህ ጂሙን ከደመወዙ በፊት ጭንቅላት ላይ የሚታሰር ማይክ ጠይቂ። ሙዚቃውን ዝቅ አድርጊ፤ ቆጠራውን በእጅሽ አሳዪ።

ሁለተኛው ከዚህ ይከብዳል። እኛ ሕዝብ ማሞቅ ለምደናል። ሰው ሲግል እንጨምራለን። መድረክ ሥር ያለ ሰው ሲደክመው ይቀመጣል፤ ጂም ውስጥ ያለች ሴት ግን አፍራ ትቀጥላለች። አንዲት ደም ግፊት ያለባት እናት እኔን ላለማሳፈር ብላ እጄ ላይ ልትወድቅ ነበር። ያን ቀን ማታ አልቅሻለሁ። ከዚያ ወዲህ ማንንም ሳልጠይቅ አላስጀምርም፦ ግፊት፣ ስኳር፣ እርግዝና፣ ጉልበት። ጅማ ዩኒቨርሲቲ የስፖርት ሳይንስ ትምህርት ክፍል አለው፤ ሄደሽ አናግሪያቸው። የሰውነት ነገር በግምት አይሆንም።

ለዘፋኝ የሚሆን መለኪያ ልስጥሽ። ሰው እየሠራ ማውራት ከቻለ፣ መዝፈን ግን ካልቻለ፣ መካከለኛ እንቅስቃሴ ላይ ነው። መዝፈን ከቻለ ገና ነው። ጥቂት ቃል ተናግሮ ትንፋሽ የሚያጥረው ከሆነ ከብዶታል። የዓለም ጤና ድርጅት ለአዋቂ ሰው በሳምንት ቢያንስ 150 ደቂቃ የሚለው ያንን መካከለኛውን ነው፤ በሳምንት ቢያንስ 2 ቀን ደግሞ የጡንቻ ሥራ ይጨመርበታል።

የጥር ሰርግሽን አትተዪ። ከጂሙ ጋር ስትዋዋዪ ቅዳሜና እሑድን አስወጪ። በረመዳን የጠዋቱን ሰዓት ለሚጾሙት ወደ ማታ፣ ከፍጥር በኋላ አዙሪው። ሰዓት አስተካክለሽ ከጠበቅሻቸው አይጠፉም።

የአጂፕ ልጅ
እግዜር ይስጥልኝ እህቴ። ዛሬ ጠዋት ሴቶቹን የጅረን ዳገት ይዣቸው ወጣሁ። የሰርግ ዘፈን አስጀመርኳቸው። አምስቱ እየዘፈኑ ወጡ፤ እነሱን "ፍጠኑ" አልኳቸው። አንዷ ስሟን ስጠይቃት መመለስ አቃታት። ከዚህ በፊት ሁልጊዜ "አይዞሽ፣ በርቺ!" ነበር የምላት። ዛሬ አብሬያት ቁጭ አልኩ።

ማይኩን ጠይቄያለሁ፤ እሺ ብለዋል። አንድ ጥያቄ ልጨምር። እናቴ 61 ዓመቷ ነው፣ ስትነሳ ጉልበቷን ያማታል። በምን ላስጀምራት?

የፈረንጅ አራዳዋ
ጉልበቷ ካበጠ ወይም ከጋለ መጀመሪያ ሐኪም ይያት። ካልሆነ ከፍ ያለ ወንበር ላይ ቁጭ ብድግ፣ 8 ጊዜ። ወንበሩን ግድግዳ አስደግፊው። ቆጠራውን አንቺ ያዢላት።