ናኖ ክሌይ ጨምሬ ፖሊስተር ሳቀልም ውሃው ጠራ፣ ጨርቁ ግን ፈዘዘ

የክር_ልጅ፦
ሰላም ቤተሰብ። የመመረቂያ ፕሮጀክቴ ፖሊስተርን በ130 ዲግሪ ፈንታ በ100 ማቅለም ነው፣ ያውም ያለ ካሪየር (በዝቅተኛ ሙቀት ቀለሙ ክሩ ውስጥ እንዲገባ የሚረዳ ኬሚካል)። ካሪየሩ ሽታው ራስ ያዞራል፣ ለጤናም አይሆንም። ሞንትሞሪሎናይት የሚባለው ሸክላ በናኖ ደረጃ ሲጨመር ፖሊስተር ቀለም በደንብ ይጠጣል ሲባል ሰምቼ፣ ኦርጋኖ ክሌይ የሚሉትን ዱቄት (ላዩ በኦርጋኒክ ኬሚካል የተለበጠ ያው ሸክላ) ከዲስፐርስ ቀለሙ (ውሃ ውስጥ እምብዛም የማይሟሟው የፖሊስተር ቀለም) ጋር ማቅለሚያው ውሃ ውስጥ በጠበጥኩት። ከአንድ ሰዓት በኋላ ውሃው ኩልል አለ። በስፔክትሮፎቶሜትር ስለካው ቀለሙ ከሞላ ጎደል አልቋል። ደስታዬን ተዉት! ጨርቁን ሳወጣው ግን ሸክላ ካልገባበት ናሙና እንኳ የፈዘዘ ነው። ታዲያ ቀለሙ የት ገባ?

ጋሼ_ቀለም፦
ልጄ፣ ሸክላው በልቶታል። ቤንቶናይት (ዋናው ይዘቱ ያው ሞንትሞሪሎናይት የሆነ ሸክላ) እኮ የማቅለሚያ ፍሳሽ ለማጣራትም ይሞከራል። አንቺም ሳታስቢው ማጣሪያ ነው የሠራሽው። ኦርጋኖ ክሌይ ደግሞ ላዩ ላይ ቅባት መሰል ሰንሰለት ስላለው፣ ውሃ የማይወደውን ዲስፐርስ ቀለም ከፖሊስተሩ ቀድሞ ይሻማል። ስለዚህ ውሃው ጠራ ብለሽ ቀለሙ ክሩ ውስጥ ገባ አትበይ። ጨርቁን ራሱን ለኪ፤ ወይ ኬ በኤስ (ጨርቁ ከሚመልሰው ብርሃን የሚሰላ የቀለም ጥልቀት) ውሰጂ፣ ወይ ከቁራጩ ላይ ቀለሙን በሙቅ ዲኤምኤፍ (ቀለሙን የሚያሟሟ ፈሳሽ) አውጥተሽ እሱን ለኪ። ከዚያ በፊት ግን በሃይድሮሰልፋይትና በኮስቲክ ሶዳ እጠቢው፣ አለዚያ ላዩ ላይ የተለጠፈውን ሁሉ ገባ ብለሽ ትቆጥሪያለሽ።

ናኖ_ነኝ፦
ጋሼ ልክ ናቸው። የሰማሽውም ግን ውሸት አይደለም፣ ሸክላውን ያስገባሽበት ሰዓት ነው የተሳሳተው። የሚጨመረው ክሩ ከመፈተሉ በፊት፣ ፖሊስተሩ ቀልጦ ሳለ ነው። የሸክላው አንድ ቅጠል ውፍረቱ 1 ናኖሜትር ገደማ ነው፣ ስፋቱ ግን በመቶዎች ናኖሜትር ይቆጠራል፣ ያለቀለት ክር ውስጥ በምን ተአምር ይገባል? ቀለሙ ራሱ እኮ የሚገባው ክሩ ሞቆ ሰንሰለቶቹ ሲላሉ ብቻ ነው።

ማቅለጡም ቀላል አይደለም። ፖሊስተር የሚቀልጠው በ260 ዲግሪ አካባቢ ነው፣ የተለመደው ኦርጋኖ ክሌይ ላይ ያለው አሞኒየም (ጋሼ ያሉት ቅባት መሰል ሰንሰለት የተያያዘበት ክፍል) ደግሞ ከዚያ በፊት መበላሸት ይጀምራል፣ ክሩም ቢጫ ሊሆን ይችላል። ለዚህ ነው በአሞኒየሙ ፈንታ ሙቀት የሚችሉትን ፎስፎኒየምና ኢሚዳዞሊየም የሚመርጡት። ሌላም አለ፦ ሸክላው ፖሊስተሩን ቶሎ ክሪስታል ሊያደርገው ይችላል፣ ክሪስታሉ ውስጥ ደግሞ ቀለም አይገባም። ስለዚህ ናኖ ስለተባለ ብቻ ይሻሻላል ብለሽ አትጀምሪ፤ ሸክላ የሌለበት ክር በዚያው መፍተያ ሠርተሽ አወዳድሪ።

የክር_ልጅ፦
እኛ ጋ አቅልጦ የሚፈትል ማሽን የለም እኮ 😭 የቀረኝ ጊዜ ደግሞ ሁለት ወር ብቻ ነው።

ጋሼ_ቀለም፦
እና ምን ያስለቅስሻል? ርዕሱን ገልብጪው። ቀለሙን ከውሃው ጠራርጎ የሚያወጣ ነገር በእጅሽ ይዘሻል። ከማቅለሚያ የወጣ ፍሳሽ አምጪና የተለያየ መጠን ሸክላ፣ የተለያየ ፒኤች ሞክሪ፣ በየስንት ደቂቃው እንደሚጠራ መዝግቢ። አፋር ውስጥ ቤንቶናይት አለ፣ ከተገኘ ከውጭ ከሚመጣው ዱቄት ጋር ታወዳድሪዋለሽ። የሚዘቅጠውን ጭቃ የት እንደምትጥዪው ግን ከአሁኑ አስቢ፣ ፈታኞቹ መጀመሪያ የሚጠይቁሽ እሱን ነው።

የክር_ልጅ፦
ጋሼ እግዜር ይስጥልኝ። ነገ ጠዋት አማካሪዬ ቢሮ ነኝ፣ ያቺን ፈዛዛ ጨርቅም ይዣት እሄዳለሁ።