ከአሣ ተረፈ ምርት የዶሮ መኖ፦ ሴቶቹ ከዋጋው ይጠቀሙ ወይስ ከትርፉ?

የሐይቁ ልጅ (ሐዋሳ)፦
ሰላም ቤተሰብ። ሐይቁ ዳር ያለው የአሣ ገበያ፣ አሞራ ገደል የሄደ ሰው ያውቀዋል። ቆሮሶ የሚባለው አሣ ተገፎ ሥጋው ይሸጣል፤ ጭንቅላቱ፣ አጥንቱና ሆድ ዕቃው እዚያው ይጣላል። ከፊሉን አባ ኮዳ የሚባለው ትልቅ ወፍ ይለቅመዋል፣ የቀረው ይሸታል። እኔና ጓደኛዬ ይህንን ገዝተን እንቀቅላለን፣ ዘይቱን እንጨምቃለን፣ አድርቀን ፈጭተን ለዶሮ አርቢዎች እንሸጣለን። የሚሰበስቡልን እዚያው አሣ የሚያጸዱ ሴቶች ናቸው፤ በኪሎ እንከፍላቸዋለን።

አሁን ከጓደኛዬ ጋር አልተግባባንም። እሱ "ለጊዜው በርካሽ እንግዛ፤ ዓመቱ ሲያልቅ ከትርፉ 10 በመቶ እንስጣቸው፤ ፈንድ ለሚሰጡትም ደስ ይላል" ይላል። እኔ አልተዋጠልኝም። ትርፍ ባይኖርስ?

ሌላው፣ ምን ሆነን እንመዝገብ? አንዱ ኤንጂኦ ሁኑ ይለናል፣ አንዱ ፒኤልሲ፣ ማለትም ኃላፊነቱ የተወሰነ የግል ማኅበር (ኃ.የተ.የግ.ማ.)። ግራ ገባን።

ሒሳብ ሠሪው፦
ወንድሜ፣ ያልተዋጠልህ ወደህ አይደለም። እኔ እንጀራዬ የሰው ሒሳብ መዝጋት ነው። ትርፍ ወረቀት ላይ የሚወጣ ቁጥር ነው። የባለቤቱ ደሞዝ ትንሽ ከፍ ካለ፣ አንድ መኪና ከተገዛ፣ አለቀ። ሕግም አልተጣሰም፣ ለሴቶቹ የሚደርስ ነገርም የለም። ጠዋት ሚዛኑ ላይ የተቀበሉትን ብር ግን ማንም አይነካባቸውም። ስለዚህ ጥቅማቸውን ወጪ ውስጥ አስገባው። በዚያ ዋጋ ሥራው ካላዋጣ ቶሎ ታውቀዋለህ፤ ያም ራሱ ጥሩ ነው።

ምዝገባውን በተመለከተ፦ ኤንጂኦ ከሆናችሁ በአዋጅ 1113/2011 መሠረት ገቢ የሚያስገኝ ሥራ መሥራት ትችላላችሁ፤ ትርፉን ግን መከፋፈል የለም። እናንተ ደግሞ ከዚህ ልትኖሩበት ነው። እንግሊዞች ለእንዲህ ዓይነቱ ሥራ እ.ኤ.አ. ከ2005 ጀምሮ ለብቻው የተዘጋጀ የኩባንያ ዓይነት አላቸው። ንብረቱ ለግል እንዳይወጣ ተቆልፏል፤ ለባለአክሲዮኖች በሙሉ ሊከፈል የሚችለውም ቢበዛ ከሚከፋፈለው ትርፍ 35 በመቶው ነው። በእኛ የንግድ ሕግ፣ በ1243/2013፣ እንዲህ የሚባል የማኅበር ዓይነት የለም። ስለዚህ ኃ.የተ.የግ.ማ. ሁኑና ቁልፉን ራሳችሁ ሥሩት። ከትርፉ ስንት በመቶው ወደ ሥራው እንደሚመለስ መመሥረቻ ጽሑፉ ላይ ይግባ። ከሴቶቹ ጋር ደግሞ የኪሎውን ዋጋ የሚይዝ ውል ተፈራረሙ። ፍቅር እያለ መጻፉ ይሻላል፣ ከተጣላችሁ በኋላ ማን ይፈርማል?

እቴ ከታቦር፦
ጎበዝ ናችሁ፣ ግን አንድ ነገር ልጠይቅ። በምንድነው የምትቀቅሉት? የተቀቀለበት ውሃስ የት ይደፋል? ሐይቃችን በጥቁር ውሃ ወንዝ በኩል ይቀበላል እንጂ የሚወጣበት ወንዝ የለውም፤ የገባው ሁሉ እዚያው ነው። በ2008 የተመረቀው ኢንዱስትሪ ፓርክ እንኳ ፍሳሹን አጣርቶ መልሶ እንዲጠቀም ተደርጎ ነው የተሠራው። ቆሻሻውን ከዳር አንስታችሁ በቦይ መልሳችሁ የምትለቁት ከሆነ ምኑን ሐይቁን ጠቀማችሁት?

የሐይቁ ልጅ፦
እቴ፣ ልክ ነሽ፣ ዋናው ነገር እሱ ነው። የምናነደው ከእንጨት ቤቶች የምናመጣውን ሰጋቱራ ነው። ውሃውን ደግሞ አንድ ጎረቤታችን ከገለባ ጋር እያብላላ ለእንሰት ጓሮው ይጠቀምበታል። ሥራው ሲሰፋ ግን አንድ ጓሮ አይችለውም፤ እሱን ገና አልፈታነውም።

ዶሮ ቤት አዳማ፦
እኔ ገዢ ነኝ፣ እውነቱን ልንገርህ። ለሐይቁም ለሴቶቹም ብዬ አልገዛህም። ከኑግ ፋጉሎና ከአኩሪ አተር ጋር አስልቼው ካዋጣኝ እገዛለሁ። የአሣ ዱቄት አውቃለሁ፤ ከበዛ እንቁላሉ አሣ አሣ ይላል፣ ደንበኛ ይመልስብሃል። በደንብ ካልተቀቀለ ደግሞ ሳልሞኔላ ይዞ ይመጣል። ሐምሌና ነሐሴስ በምን ታደርቁታላችሁ? ሻግቶ ከመጣ ዶሮዬን ነው የሚፈጅብኝ። ከረጢቱ ላይ የሴቶቹን ፎቶ ከምትለጥፍ ላብራቶሪ አስመርምረህ የፕሮቲኑን መጠን ጻፍበት። እሱን ካየሁ ትንሽ ጨምረህ ብትጠይቀኝም አልከራከርም። ያቺ ጭማሪ ናት ለሴቶቹ የምትደርሰው።

የሐይቁ ልጅ፦
ፎቶ የለበትም፣ አትስጋ። ለክረምት ላስቲክ ቤት እየሠራን ነው፤ ከታች አየር እንዲገባ ከፍ አድርገን መረብ ወጥረናል። ውይይቱን ለጓደኛዬ ልኬለታለሁ፤ አንብቦታል፣ መልስ ግን የለም። ናሙና በአውቶቡስ ልላክልህ? መናኸሪያ ወጥተህ ትቀበላለህ?

ዶሮ ቤት አዳማ፦
ላክ። ሁለት ላስቲክ ደርብበት ግን፣ ሾፌሩ ሸተተኝ ብሎ እንዳያራግፈው።