ለልጆች ጨዋታ የሚሆን ካርታ ፕሪንት ማድረግ አቃተኝ፣ እርዱኝ እስቲ

ሰላም እንዴት ናችሁ፣ ሀዋሳ ነኝ። ቅዳሜ የእህቴን ልጆችና የሰፈሩን ልጆች ሰብስቤ ሐይቁ ዳር አሞራ ገደል አካባቢ ጂኦካሺንግ ላጫውታቸው ነው፣ ያው ዕቃ ተደብቆ በጂፒኤስ የሚፈለገው ጨዋታ፣ ግን ስልክ ሰጥቻቸው ውሃ ውስጥ ከሚከቱብኝ በወረቀት ካርታ ይሁን አልኩ።

መጀመሪያ ከጉግል ማፕ ስክሪንሾት አንስቼ ፕሪንት ቤት ወሰድኩት፣ ሲወጣ ድብዝዝ ያለ፣ ዛፉም መንገዱም አንድ አይነት ግራጫ። ከዛ ኦፕንስትሪትማፕ ከሚባለው ነፃ የኢንተርኔት ካርታ በፒዲኤፍ አወረድኩ፣ እሱስ ጥርት ብሎ ወጣ፣ ስኬሉን 1፡1000 አድርጌው ነበር፣ 1 ሴንቲሜትር 10 ሜትር ማለት ነው፣ ልጆቹ በእርምጃ ስለሚቆጥሩ ይቀላቸዋል ብዬ። ቤት ገብቼ በማስመሪያ ስለካው ግን 10 ሴንቲ መሆን ያለበት 9 ተኩል ሆኖ አገኘሁት! የፕሪንት ቤቱን ልጅ ስጠይቀው «ወረቀቱ ላይ እንዲገባ ትንሽ አሳነስኩት» አለኝ፣ በሳቅና በንዴት መሀል ቀረሁ።

አሁን ጥያቄዬ፣ በኤ4 ስኬሉ ሳይዛባ እንዲወጣ ፕሪንት ቤቱን ምን ብዬ ነው የምነግራቸው? ደግሞ የደበቅኩባቸውን ቦታዎች ቁጥር ሰጥቼ ካርታው ላይ የማስገባበት ቀላል ነፃ አፕ የምታውቁ ካላችሁ፣ ኪውጂአይኤስ የሚባለውን የኮምፒውተር ካርታ መስሪያ ፕሮግራም ሞክሬው ራሴን አዞረኝ። በስልክ ብቻ የሚሰራ ቢሆን ደስ ይለኛል፣ ላፕቶፑ የተውሶ ነው ሐሙስ እመልሳለሁ።