ትራያቶማን ከመሰሎቹ የሚለየው ምንድን ነው?

ጥያቄ፦
ጤና ይስጥልኝ። በቴክሳስ በምንኖርበት ቤት፣ በረንዳው መብራት ሥር፣ ሁለት ሴንቲ ሜትር ተኩል ያህል ርዝመት ያለው ትኋን መሰል ጥቁር ተባይ ተገኝቶ በጠርሙስ አስቀምጬዋለሁ። የሆዱ ጠርዝ ብርቱካናማ ሰንበሮች አሉት። አንዱ ጎረቤቴ የሻጋስ በሽታን (ጥገኛ ተውሳክ የሚያመጣውን ሕመም) የሚያስተላልፈው ደም መጣጭ ተባይ፣ ትራያቶማ ነው ሲል፣ ሌላው ነፍሳት አዳኝ ነው ይላል። የትኛውን የአካል ክፍል ልመልከት?

መልስ 1፦
ቀለሙን ለጊዜው ይተዉትና መውጊያውን (የሚወጋበትንና የሚመጥበትን የአፍ ክፍል) ከጎን ይመልከቱ። ትራያቶማ ሬዱቪዳ በተባለው አስተኔ (የተዛማጅ ወገኖች ትልቅ ምድብ)፣ ትራያቶሚና በተባለው ንዑስ አስተኔ ሥር የሚመደብ ወገን (የተቀራራቢ ዝርያዎች ምድብ) ነው። አብዛኞቹ የአስተኔው አባላት ሌሎች ነፍሳትን እየወጉ የሚመጥጡ አዳኞች ሲሆኑ፣ ትራያቶሚናዎች ግን በዋናነት የአከርካሪ አጥንት ያላቸውን እንስሳት ደም ስለሚመጥጡ፣ የአዳኞቹ መውጊያ ወፍራምና እንደ ማጭድ የተቆለመመ ሆኖ ሳለ የእነርሱ ቀጭን፣ ቀጥ ያለና በጭንቅላቱ ሥር የሚተኛ ነው። በጀርባው ላይ የጥርስ ረድፍ የመሰለ ጉብታ ካዩ፣ በአካባቢዎ የተለመደው አሪለስ የተባለው አዳኝ ነው። የኋላ እግሩ እንደ ቅጠል የሰፋ ከሆነ ደግሞ ከነጭራሹ የሌላ አስተኔ አባል፣ ተክል መጣጭ ነው።

መልስ 2፦
ከላይ የተባለው እስከ ንዑስ አስተኔው ያደርሳል፤ ወገኑን የሚለየው ግን የአንቴናው መነሻ ነው። ሌሎቹ የንዑስ አስተኔው ወገኖች ከሆኑት መካከል በሮድኒየስ ከጭንቅላቱ ጫፍ አጠገብ፣ በፓንስትሮንጊለስ ከዓይኑ ፊት ተጠግቶ፣ በትራያቶማ ደግሞ በሁለቱ መካከል ይበቅላል። በሽታው በስሙ የተጠራለት ብራዚላዊ ሐኪም ካርሎስ ሻጋስ እ.ኤ.አ. በ1909 የበሽታውን ጥገኛ ተውሳክ በብራዚል ያገኘው ዛሬ በፓንስትሮንጊለስ ሥር በሚመደብ ዝርያ ውስጥ ነበር። የጠርዙ ቀለም የሚጠቅመው በትራያቶማ ውስጥ ዝርያን ለመለየት ነው፦ ሳንግዊሱጋ ብርቱካናማ ወይም ቀይ፣ ገርስቴከሪ ቢጫማ ጠርዝ ሲኖራቸው፣ ፕሮትራክታ ግን በአመዛኙ ጠቆር ያለ ነው። በእኔ እምነት በቀለም ብቻ መወሰን አያስኬድም፤ ወገኑ ራሱ ከ80 በላይ ዝርያዎች ያሉት ሲሆን፣ የዘረመል ጥናቶችም የአንድ ቅድመ አያት ዘር በሙሉ እንዳልሆነ ስላሳዩ ድንበሩ ዛሬም ያከራክራል።

ጠያቂው፦
አመሰግናለሁ። መውጊያው ቀጭንና ቀጥ ያለ ነው፤ አንቴናውም ከመካከል ይነሳል።

መልስ 1፦
እንግዲያው ትራያቶማ ነው፤ ሰንበሩም ወደ ሳንግዊሱጋ ያደላል። ተውሳኩ በንክሻው ሳይሆን በእዳሪው ስለሚተላለፍ በባዶ እጅ አይንኩት፣ አይጨፍልቁት፤ ጠርሙሱን እንደተዘጋ ለአካባቢዎ የጤና ቢሮ ያሳዩ።